ሃያ አራት ችካል

የስልክ ሽቦ ነገር ቀላል ነው። ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርቀት ትለካለህ፤ በየምሰሶው መካከል ለሚረግበው ከመቶ አምስት ትጨምራለህ፤ የወጣውን ቁጥር ጽፈህ ትፈርማለህ። ከፈረምክ በኋላ መሬቱን የሚጠይቀው የለም፤ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ይህንን ለስንቱ አዲስ ሠራተኛ ስለፈልፍ ኖሬ፣ እኔው ራሴ ገባሁበት።

በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ላኩኝ። ስልክ እስከ አንኮበር ደርሶ ነበር። ከዚያ ገደሉን ቁልቁል ተከትሎ አልዩ አምባ ገበያ ድረስ እንዲወርድ ተወሰነ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል፣ መስከረም ሁለት ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቆላው ውስጥ ስልክ ይጮኻል ተብሎ ለበላይ አካል ተጽፏል። የጻፈው ካድሬያችን ጓድ ገብረአማኑኤል ነው። እግዜር የለም እያለ የሚያስተምር ሰው ስለሆነ በሙሉ ስሙ ሲጠሩት ፊቱ ይለዋወጣል። እኛም ያከበርነው መስለን ሁልጊዜ በሙሉ ስሙ ነበር የምንጠራው። በዚያ ዘመን ከዚህ ሌላ ምን መሳቂያ ነበረን?

የመሥሪያ ቤቱ የብረት ሜትር ተበጥሶ ስለነበር ሃምሳ ሜትር የቃጫ ገመድ ገዝቼ ለካሁበት። በየሃምሳ ሜትሩ አንድ የወይራ ችካል እተክላለሁ፤ ችካሉ ነገ ምሰሶ የሚቆምበት ቦታ ነው። በየችካሉ ራስ ላይ ቁጥር የምጽፍበት አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለምም ይዤ ነበር። ጓድ ገብረአማኑኤል ቀለሙን ገና ሲያየው ዓይኑ በራ።

«ይሄ ለበዓሉ ቅስት ነው የሚያስፈልገው» አለ።

«ጓድ፣ ችካሎቹ ቁጥር ካልተጻፈባቸው...»

«አብዮቱ ይበልጣል ወይስ ችካል?»

ቀለሙን ሰጠሁ፤ ችካሎቼ ያለ ቁጥር ተተከሉ።

በስድስት ቀን አልዩ አምባ ገባሁ። እዚያው ሦስት ቀን የፖለቲካ ውይይት ላይ አስቀመጡኝ። በአራተኛው ቀን ዳገቱን እየወጣሁ ችካሎቼን ቆጠርኩ። የምቆጥርበት ዘዴ ከአባቴ የመጣ ነው። አባቴ እነዋሪ ገበያ በግ ሲነዳ ኪሱን ሽምብራ ይሞላና አንድ በግ ባለፈ ቁጥር አንዲት ፍሬ ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ ያዛውራል። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ያን ቀን አንኮበር ስደርስ በቀኝ ኪሴ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የተቆላ ሽምብራ ተገኘ። በሃምሳ አባዛሁት፣ ለመርገቢያው ከመቶ አምስት ጨመርኩ፣ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሜትር ሽቦ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አንዳንዱ ችካል ከሌላው የራቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን ዳገት ላይ ምን የማይርቅ ነገር አለ? ቀኑን ሙሉም እህል አልቀመስኩም።

«ይበቃል?» አለኝ ጓድ ገብረአማኑኤል፣ በስብሰባ ፊት።

«ይበቃል፣ ይተርፋልም» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ነሐሴ ላይ ሽቦው መጣ። ከየገበሬ ማኅበሩ ጉልበት ተመደበልኝና ከአንኮበር ጀምረን ቁልቁል ምሰሶ እየተከልን ወረድን። ድንጋዩን፣ ግጦሹን፣ መቃብሩን አልፈን የመጀመሪያው የማሽላ ማሳ ላይ ስንደርስ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው ቀና አለና «ጌታዬ፣ እዚህ ችካል የለም» አለኝ። ገመዴን ዘረጋሁ። በሃምሳ ሜትሩ ላይ ምንም የለም፤ በመቶው ላይ ችካል አለ። ፍየል ነቅሎት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። እስከ ማታ አራት ሲሆኑብኝ ግን የፍየሉ ነገር አላሳመነኝም።

ሠራተኞቹን እዚያው ትቼ ገመዴን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። በሁለት ቀን፣ በዝናብ፣ እስከ ገበያው ድረስ እንደገና ለካሁት። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት። ሃያ አራት ችካል ጎደለ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር መሬት ያለ ሽቦ ቀረ ማለት ነው። አዲስ ሽቦ ጠይቆ ለማስመጣት ደግሞ ስድስት ወር ይፈጃል፤ በዓሉ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አፌን ነው፤ ከቀኝ ኪሴ እየዘገንኩ በልቼው ይሆን? ኋላ ግን ችካሉ የነበረባትን ቀዳዳ በየቦታው አገኘኋት፤ በአፈር ተደፍና፣ ላይዋ በእግር ተረግጣ። ሃያ አራቱም የሰው እርሻ ላይ ናቸው። ድንጋይ ላይ፣ ግጦሽ ላይ አንድም አልተነካም።

ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘኝ። ያልኖረበት ሰው እንዲረዳኝ የገብረመንፈስቅዱስን ነገር ልንገር። ደብረ ብርሃን አብረን እንሠራ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እሱ የቀጠለው ኬብል በዝናብ ተቃጠለ፤ ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል የተቃጠለው አንድ ባለሥልጣን እያወራበት ሳለ ነበር። «አሻጥር» ተባለ። ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ሚስቱ ይመኙሻል ሰባት ወር ስንቅ አመላለሰች። አንድ ማክሰኞ በሩ ላይ ያለው ዘብ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። የዚያን ዘመን ሰው ይህች ቃል ምን እንደሆነች ያውቃል። የእሱ ጥፋት አንድ ክንድ ኬብል ነበር፤ የእኔ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር፣ ያውም በፊርማዬ።

ዝናቡ ሲብስብኝ ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት ተጠለልኩ። የእማማ ኡሙሀኒ ቤት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥቂት ማሽላና ሎሚ ያላቸው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጃቸው ከያሕያ ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጋቢዬን ተቀብለው ሊሰቅሉልኝ ወደ ግድግዳው ዞሩ። የሰቀሉበት የእኔ ችካል ነው። ቀና ብዬ ብቆጥር በግድግዳው ላይ አራት ተሰክተዋል፤ በአንዱ ወንፊት፣ በአንዱ የሟች ባላቸው ኮፍያ፣ በአንዱ የያሕያ ማጭድ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ይሄን እንጨት ከየት አመጡት?» አልኩ።

«ከማሳዬ ነቅዬ ነዋ» አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ። «አንተ ነህ እንዴ የተከልከው? አፉ በለን። ገመድ ይዘህ ስትወርድ ቀላድ መስሎን ነው።»

«ቀላድ ከቀረ ስንት ዘመኑ!»

«ስሙ ይቀራል እንጂ ገመዱ መቼ ይቀራል? በጃንሆይ ጊዜ ገመድ መጣ፣ የአማቴ መሬት ሲሶው ሄደ። አሁን ደግሞ ገመድ ከመጣ ኮታ ይመጣል። መሬትህ ይህን ያህል ነው፣ ይህን ያህል ኩንታል አግባ ይሉሃል።» ቂጣ ቆርሰው ከእርጎ ጋር አቀረቡልኝ። «አባቶቻችን ያስተማሩን ነው። ገመድ መቁረጥ ያሳስራል። ችካል ሲሆን ግን የአሥራ ሁለቱም ቤት ሴቶች እንጨት ለቀማ መስለን እንወጣና፣ ከየማሳችን አንዳንዱን ነቅለን ቀዳዳዋን በእግራችን መርገጥ ነው። ማን ነቀለው ቢባል ፍየል ነቀለው ይባላል። ፍየል አይታሰር።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የስልክ ነው። መሬት አልለካሁም። ለሽቦ ነው የለካሁት።»

ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ምን ያህል እንደጎደለ፣ ማን እንደፈረመ፣ ምን እንደሚመጣ። ገብረመንፈስቅዱስንም ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ ረቢ! ትነግርብን ይሆን?» አሉ።

ቂጣውን ቆርሼ ጎረስኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው። ቂጣቸውን በአፌ ይዤ ጠላኋቸው። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ደብረ ብርሃን የምትጠብቀኝ በሰለች አለችኝ፤ እኚህ ሴት ግን ለወንፊት መስቀያ ብለው እኔን ገደል ከተቱኝ። ብናገር አሥራ ሁለት ቤት ይታሰራል፣ ምናልባትም ይረሸናል። ዝም ብል የምሄደው እኔ ነኝ። እንዳልሸሽ፣ ፊርማዬ ከእኔ ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል። ጉሙ ከውጭ በሩን ዘግቶታል፤ መንገዱ ላይ ብወጣም የምወጣው ወደ ጓድ ገብረአማኑኤል ነው።

መውጫው የታየኝ በማግስቱ፣ ሽቦው የት ድረስ እንደሚደርስ ሳሰላ ነው። ያለኝ ሽቦ ከገበያው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው ያልቃል። ልክ እዚያ፣ መንገዱ ሁለት ከሚሆንበት ላይ፣ ድሮ የጨው ነጋዴዎች የሚያድሩበት አንድ ባዶ የድንጋይ ቤት አለ። ሰው አይኖርበትም። ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ላይ ደግሞ የእማማ ኡሙሀኒ ቤት ነው።

ጓድ ገብረአማኑኤል ዘንድ ሄድኩ። ቅስቱን በእኔ ቀለም ሲያስቀባ ነበር።

«ጓድ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ» አልኩ። «ስልኩን ገበያው ላይ ብንተክለው የሚጠቀምበት ማነው? ነጋዴ ነው። ንዑስ ከበርቴው በአብዮቱ ስልክ የጨውና የበርበሬ ዋጋ ሲጠያየቅበት ሊውል ነው። ከገበያው ትንሽ መለስ ብለን፣ ከሰፊው ገበሬ መሀል ብናደርገውስ?»

ብሩሹን ለያዘው ሰውዬ እጁን እንዲያቆም ምልክት ሰጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ከገበሬ ቤት ውስጥ» አለ ቀስ ብሎ። «ከጭቁን ሴት ገበሬ ቤት ውስጥ።» በሚቀጥለው ቀን ስብሰባ ላይ ሐሳቡን እንደራሱ አድርጎ ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።

«ታዲያ የማን ቤት ይሁን?» ሲለኝ የድንጋዩን ቤት ማንሳት እችል ነበር። ጭቁን ገበሬ ከፈለገም አንዱን ሰው አምጥቶ ያስገባበት ነበር። የኡሙሀኒን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የድንጋዩ ቤት ጣሪያ ያፈሳል የሚል ነበር። ልብ ሲያውቅ ገንፎ ያንቃል፤ ጣሪያ በአንድ ቀን ይከደናል። የመንግሥት እግር በደጃቸው ይመላለስና የነቀሉበትን ይቀበሉ ብዬ ነው። ንዴት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

መስከረም ሁለት ቀን በአራት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ቀዩ ቅስት በእማማ ኡሙሀኒ ደጅ ቆሟል። ጓድ ገብረአማኑኤል ከአንኮበር ሆኖ ለቆላው ሰፊ ሕዝብ ንግግር አደረገ፤ እሳቸው አዲስ ሻሻቸውን አስረው እጀታውን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ይዘው «እሺ፣ እሺ» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እሳቸውም ሳቁ። ስሜን እየጠሩ መረቁኝ። ሳልናገርባቸው የቀረሁት፣ ይባስ ብዬም ያስከበርኳቸው መስሏቸው ነው። ሽቦው እንደፈረምኩት በቃ፣ ተረፈም። ያን ቀን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠግቤ በላሁ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሳምንቱ ለስልኩ ጥበቃ ሁለት ታጣቂዎች ተመደቡ። ታጣቂ ማደሪያ ስለሚያስፈልገው ትልቁን ክፍል ያዙት። ስልክ ካለ ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋል ተባለና ጠረጴዛ ገባ። ኮታ የሚታዘዘው፣ ስብሰባ የሚጠራው፣ ሰው የሚከሰሰው በዚያች ቤት ሆነ። እማማ ኡሙሀኒ ከልጃቸው ጋር ወደ ፍየሎቹ ጋጥ ወጡ። ጎረቤት ቤታቸው መርገጥ አቆመ። እኔን ደግሞ መስመሩን ጠብቅ፣ ማዞሪያውንም ያዝ ብለው አንኮበር አስቀሩኝ፤ የመጣ ጥሪ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል።

ጥር ላይ የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር መጣ። ስለ ርቀት አንድ ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው። ዱሮ እንዲህ ያለ ወረቀት ከአንኮበር ቆላ እስኪደርስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ከወረቀቱ ቀድሞ ወሬው ይወርዳል። ወረቀቱ ሲደርስ ወጣቶቹ ግመል ሊገዙ ወደ በረሃ ሄደዋል ይባላል፣ ጉዳዩ በዚያው ይቀራል። ያ ገደል፣ እኔ በገመድ የለካሁት ዳገት ሁሉ፣ አጥራቸው ነበር። ስልክ ያልደረሰባቸው ቀበሌዎች ልጆች ያን ጊዜም በዚያው መንገድ አመለጡ።

ጓድ ገብረአማኑኤል ዝርዝሩን ይዞ አጠገቤ ቆመ። «ኡሙሀኒ ቤትን አገናኘኝ» አለ። አገናኘሁት። ታጣቂው እዚያ ማዶ እየደገመ ይጽፋል። ሦስተኛው ስም ያሕያ ነበር። በጆሮዬ ላይ ባለው ማዳመጫ የፍየሎቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ልጁ እዚያው ደጅ ላይ ነው፣ ሲጣራ እሰማዋለሁ። ስሙ ከአንኮበር ተነሥቶ እሱ ዘንድ ለመድረስ አንዲት ትንፋሽ አልወሰደበትም።

እጄ መሰኪያው ላይ ነበር። ነቅዬ መስመሩ ተበጠሰ ማለት እችል ነበር። ለሁለት ቀን፣ ለአንድ ቀን፣ ለግማሽ ቀንም ቢሆን በቂ ነበር። ሴቶቹ ፍየል ነቀለው ይሉ የለ? እኔ ግን ገብረመንፈስቅዱስን አሰብኩ፤ በሰለች በር ላይ ቆማ ከእንግዲህ አታምጪ ስትባል አሰብኩ። አልነቀልኩም። ማዶ ግርግር ተሰማ፣ የሴት ድምፅ «ልጄን!» አለ፣ ከዚያ ታጣቂው «ተይዟል ጓድ» ሲል ሰማሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መስመሩን ደውዬ መሞከር ሥራዬ ነው። ታጣቂዎቹ ናቸው የሚያነሡት። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ግን ያነሡት እማማ ኡሙሀኒ ሆኑ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኃይለሚካኤል። መስመሩን ልሞክር ነው እማማ። ታጣቂዎቹስ?»

«ገበያ ወረዱ። ያሕያ ወደ ሰሜን ሄደ አሉ። ደብዳቤ የለም።»

ልዘጋው ስል «ቆይ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እነዚያን ችካሎች ባንነቅላቸው ኖሮ ሽቦው ቤቴን አልፎ ይሄድ ነበር?»

«ያልፍ ነበር» አልኩ።

«ገበያ ድረስ?»

«ገበያ ድረስ።»

«ስለነቀልነው ነዋ እኔ ቤት ላይ ያለቀው።»

የተረፈው ሁለት መቶ ሜትር ሽቦ ተጠቅልሎ ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የድንጋዩ ቤት ድረስ የሚደርሰው። ስድስት ወር ሙሉ ሳየው ከርሜያለሁ። አሁን ተናገር አልኩ ራሴን፤ ማንም አይሰማም፣ ታጣቂ የለም፣ ጓድ የለም፣ አሮጊትዋ ብቻ ናቸው። አፌን ከፈትኩ።

«አዎ እማማ፣ እዚያው አለቀ» አልኩ።

«እንግዲያው ልጄን በገዛ እጄ ነው የነቀልኩት» አሉ። ማልቀሳቸው ይሰማኛል፤ መስመሩ ጥሩ ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንተ ምን ታደርግ? አንተማ አተረፍከን፣ አልተናገርክብን። አላህ ልጆችህን ያቆይልህ።»

«አሜን» አልኩ።

ለፋሲካ ፈቃድ ሳገኝ ጥቅሉን ከግድግዳው አውርጄ ደብረ ብርሃን ይዤው ሄድኩ። በሰለች ደስ አላት፣ ሃያ ሜትሩን ቆርጣ ከአጥር አጥር ዘርግታ የልጆቹን ልብስ ታሰጣበታለች። ከየት አመጣኸው ብትለኝ ከሥራ ተርፎ ነው አልኳት። ቀሪው ከአልጋችን ሥር ነው።